ለውሃው ይቅርታ አልጠየቅኩም

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ልጄ ሰሚራ ከጉብሬ መጣች። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች፤ ትምህርቱ ሲቀልላት በሚኒባስ ወልቂጤ ብቅ ትላለች። እኔ ጓዳ ተቀምጬ አይብ አጠልላለሁ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የታተመ ወረቀት አወጣችና፣ «እማ፣ የሙባረክን ነገር አገኘሁት» አለችኝ።

ሙባረክ የበኩር ልጄ ነው። ሰላሳ ዓመት አልፎታል፤ እዚሁ ወልቂጤ ልብስ ሰፊ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ላብ የለውም። ፀጉሩ ስስ ነው። ጥርሶቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም እንደ ሚስማር የሾሉ ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ሐኪም አብሮት የተፈጠረ ነው ብሎናል፤ ስሙን ግን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

«ቁጭ በይና አስረጂኝ» አልኳት።

እንግሊዝኛውን ትታ በሚገባኝ ቋንቋ ነገረችኝ። ሰው ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ ቆዳው እንደ ስስ ሻሽ በሆነበት ጊዜ፣ አንዱ ሕዋስ ለጎረቤቱ ሕዋስ መልእክት ይልካል። መልእክተኛው ፕሮቲን ነው። ሄዶ ጎረቤቱ ላይ ያርፍና «እዚህ ፀጉር ይብቀል፣ እዚህ ጥርስ ይውጣ፣ እዚህ የላብ መውጫ ይከፈት» ይለዋል። ያ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ዘረመል ነው፤ እነሱ ጂን ይሉታል። ስሙን በሦስት ፊደል አሳጥረው ኢ ዲ ኤ ብለውታል። የሙባረክ ዘረመል ስህተት ስላለበት መልእክቱ አልደረሰም። ጊዜው አለፈ፤ የላብ መውጫው ሳይከፈት ቀረ።

እስከዚህ ድረስ በደስታ ነበር የምታወራው። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ሌላም አለ። ወንድ ልጅ ይህን ዘረመል የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። እናትየዋ ላይ ብዙም አይታይም። አንዳንዷ ጥቂት ጥርስ ይጎድላታል።»

እኔ ሁለት የላይ ጥርሶቼ ከመጀመሪያውም አልበቀሉም። ሰሚራ ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየችም።

«እና?» አልኳት።

«እናማ ከአንቺ ነው።»

«ይህንን አያትሽ ያለ ወረቀት ነግረውኛል» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ሌላ ቦታ አሳየችኝ። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ልጅ ሙቀት ሲሆን ውሃ አድርጉበት፣ አርጥቡት ብለው ይመክራሉ። «አንቺን ያን ጊዜ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ማንም አልነገረኝም። ለእሷ ያወራሁላትን እዚህም ልጽፈው።

ኢህአዴግ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቡታጅራ ተድሬ ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ከድር አዲስ አበባ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እንደ አገራችን ወንዶች ሁሉ ለበዓል ለበዓል ነው የሚመጣው። አማቴ ከቆላ ገበሬዎች በርበሬ ይገዙና አድርቀው ይሸጣሉ። ግቢው ሙሉ ሰሌን ነው፤ በሰሌኑ ላይ በርበሬ፣ በበርበሬው ላይ ፀሐይ። ያንን ግቢ ሳስብ ዛሬም ያስነጥሰኛል።

አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። አራስ ሳለሁ ቆጮውን በቅቤ አርሰው፣ አይቡን ከላይ ጣል አድርገው፣ «ብዪ፣ ልጁ የሚጠባው ይህንን ነው» እያሉ በእጃቸው ያጎርሱኝ ነበር። ግን የቤቱ ቃል የእሳቸው ነው። ሙሽራ ከወለደችም በኋላ ብዙ ጊዜ ዓይኗን ሰብራ ነው የምትኖረው። እኔም በተፈጥሮዬ ቃል አላበዛም። ዝም ስል የተስማማሁ ይመስላቸው ነበር።

ሙባረክ ያን ጊዜ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። አንድም ጥርስ አላበቀለም፤ ፀጉሩ እዚህም እዚያም ብን ያለ ነው፤ ግንባሩ ወጣ ያለ ነው። የሰፈር ሴቶች «ሐጂ» የሚል ስም አወጡለት። «ሐጂ እንዴት ዋሉ? ጉዞው እንዴት ነበር?» እያሉ እጁን ይስሙታል፤ እሱም በድዱ ይስቃል። ጎረቤታችን ፋጡማ በዚያው ወር የወለደችው አብዱ የሚባል ልጅ ነበራት። አብዱ ስድስት ጥርስ አለው። «አይዞሽ» ትለኛለች ፋጡማ፣ «የኔው የሁለቱንም ያኝካል።»

ፋጡማ እጇን ፍም አቃጥሏት ስለነበር የሁለቱን ልጆች ልብስ የማጥበው እኔ ነበርኩ። የአብዱ ሸሚዝ አንገትጌው ይወይባል፤ ብብቱ ይሸታል። የሙባረክ ሸሚዝ አቧራ አለው፣ ወተት አለው፣ የበርበሬ ዱቄት አለው፤ ላብ ግን የለውም። መጀመሪያ ንጹሕ ልጅ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እየቆየሁ ልብ ማለት ጀመርኩ። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ከማንቆርቆሪያው የሚፈሰው ውሃ ግቢው ላይ ትንሽ ጭቃ ይሠራል። ሙባረክ እየዳኸ ይመጣና በሆዱ እዚያ ላይ ይተኛል። ጉንጩን ጭቃው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሳነሳው ያለቅሳል። ረፋዱን ሙሉ ደክሞ፣ እንደ ጉልቻ ግሎ ይቆይና ከዙሁር፣ ከእኩለ ቀን ሶላቴ በኋላ ነፍስ ይዘራል። ሶላቴ ነው ያዳነው ብዬ አላህን አመሰግን ነበር። ሶላቱም ነው፣ ውሃውም ነው። አላህ ለሁሉም ምክንያት ያደርጋል።

መጋቢት ገባ፤ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሰማዩ ነጭ ሆነ። የቤታችን ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ቦኖው ጋ ይሰለፋል።

አንድ ቀን አማቴ ሙባረክን በርበሬው አጠገብ ይዘውት ሲያረፍዱ ልጁ ጋለ። ሊጠባ እምቢ አለ። ራሱን ቀና ማድረግ አቃተው። አማቴ በመዳፋቸው ግንባሩን ነክተው፣ «ምች ነው» አሉ።

ምችን ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቃል፤ በሽተኛው በጋቢ ይጠቀለላል፤ በር ይዘጋል፤ ላብ እስኪያጠምቀው ይጠበቃል። ላቡ ሲወጣ ምቹ አብሮ ይወጣል። ከአንድ ወር በፊትም ሙባረክ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ጋቢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠቅልዬ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ፀሐይ ዘቅዝቃ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሻል አለው፤ ሁላችንም ዳማከሴውን አመሰገንን። ይህንን የምጽፈው ጥፋቱ የአማቴ ብቻ እንዳይመስል ነው።

አሁንም ፋጡማ ተጠራች። በሩ ተቀረቀረ። ልጄን በጋቢ ጠቅልለው እሳቱ አጠገብ አስተኙት። ቤቱ ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል።

«አልወጣም?» ይላሉ አማቴ።

ፋጡማ ደህናውን እጇን በጋቢው ውስጥ ትሰዳለች። «ደረቅ ነው።»

«ጨምሪበት።»

ሌላ ጋቢ ተጨመረ።

«አሁንስ?»

«ደረቅ ነው፣ እማ። ውጭ እንደተሰጣው በርበሬ።»

«እልኸኛ ምች ነው። እሳቱን አቅርቢው።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «እማ፣ ይህ ልጅ አያልበውም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልቦት አያውቅም። ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ።»

አማቴ ወደ ፋጡማ ዞሩ። «ልብስ አጣቢ ሐኪም ሆነችልሽ» አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ «ተቀመጪ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ሁሉ እንዲህ ያደርጋታል።»

ተቀመጥኩ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ተቀመጥኩ። ሙባረክ ያለቅስ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ።

«እፎይ፣ ተኛ» አሉ አማቴ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አልተኛም። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ብቻ ይታያል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቢስሚላህ አልኩና ከነጋቢው አነሳሁት። ቤት ውስጥ የቀረን ውሃ አንድ ጣሳ አይሞላም፤ ቦኖው ግን ሰዓቱ ነበር።

አማቴ ከበሩ ፊት ቆሙ። «ይህን ልጅ ይዘሽ ከዚህ ቤት አትወጪም።»

«እወጣለሁ፣ እማ።»

«ነፋስ ያገኘዋል። ይሞትብሻል።»

«እዚህም እየሞተ ነው።»

በትከሻዬ ገፋ አድርጌያቸው አለፍኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊታቸውን እንኳ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። መቀርቀሪያው አልከፈት አለኝ። በአንድ እጄ ስስበው ከነሚስማሩ ተነቅሎ መሬት ወደቀ።

ቦኖው ሩቅ አልነበረም። ጋቢዎቹን መንገድ ላይ ጣልኳቸው። ሰልፉ እስከ መስጊዱ አጥር ይደርሳል። ቧንቧው ሥር አንዲት ሴት ጀሪካኗን ትሞላለች፤ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ጀሪካኑን በእግሬ ገፍቼ ልጄን ውሃው ሥር አደረግኩት።

«ተራዬ ነው እኮ» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ልጁን አየችው። እጇን ሰዳ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ከኋላ የነበሩት ግን ዝም አላሉም።

«ትኩሳት ያለበትን ልጅ ውሃ?»

«ብርዱ ሳንባው ውስጥ ይገባል።»

«የማን ምራት ናት? ያዟት እንጂ።»

አማቴ ደረሱ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዷል። «ሰው ይየኝ» አሉ፣ «የልጄን ልጅ ገደለችብኝ።» አንዷ ክንዴን ያዘችኝ። «አትንኪኝ» አልኳት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ለቀቀችኝ። ውሃውን በራሱ ላይ፣ በደረቱ ላይ፣ በብብቱ አፈሰስኩ። በልቤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አልኩ፤ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ሙባረክ በመጀመሪያ ጣቱን አንቀሳቀሰ። ከዚያ አስነጠሰ። ከዚያ አለቀሰ፤ ጠንከር ያለ፣ የተቆጣ ለቅሶ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ። እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጬ አጠባሁት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ደሙን አይተው ወባ የለውም አሉኝ። ስለ ላቡ ስጠይቅ ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ሳቀ። «እህቴ፣ የማያልበው ሰው የለም» አለኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

አማቴ ግን አላለፉልኝም። ለከድር ተላከበት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። ትልቁ ሐጂ ነስሩ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ። ሙባረክ እየዳኸ ወደ እሳቸው ሲሄድ፣ «ና እስኪ፣ እኔና አንተ ስማችንም ጥርሳችንም አንድ ነው» ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከድር አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ከእናቱና ከሚስቱ መካከል ማንን እንደሚመርጥ ያላወቀ ሰው ፊት ነበረው።

አማቴ ክሳቸውን አቀረቡ። ገፍታኛለች፤ በር ሰብራለች፤ በሰልፉ ሁሉ ፊት አዋርዳኛለች። እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ። ልጁን ሁለተኛ ውሃ ውስጥ እንዳትከት ትማል። እምቢ ካለች ወደ አባቷ ቤት ትመለስ፤ ልጁ የከድር ነው፣ እዚህ ይቀራል። «ደግሞም በእኛ አጥንት እንዲህ ያለ ፍጥረት የለም» አሉ። «ከየት እንደመጣ አፏን አይታችሁ ፍረዱ።»

ሽማግሌዎቹ አፌን ላለማየት መሬት አዩ። የተፈረደብኝ ነገር ገብቶኛል። ብምል ልጄ በሚቀጥለው ሙቀት ይሞታል። ባልምል ያለ እኔ ይቀራል፤ ያኔም ይሞታል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ ሐጂ ነስሩ።

ተነሳሁ። አማቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። «እማ፣ ስለገፋሁዎት ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ስለ መቀርቀሪያው ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት ስለጮህኩም ይቅር ይበሉኝ። ለውሃው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። አልምልም።»

ከድር፣ «አንቺ» አለ በቀስታ። አላየሁትም።

«ከእኔ ነው የመጣው ላሉትም እሺ፣ ከእኔ ይሁን» አልኩ። «ከእኔ ከሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጓዳ ገብቼ ሁለት ሸሚዞች አመጣሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ አብዱና ሙባረክ የለበሷቸው ናቸው፤ ሳላጥባቸው ነው ያቆየሁት። ፋጡማ የልጇን ስጠይቃት፣ «ሽማግሌ ፊት የልጄን ሽታ ልታወጪ ነው?» ብላ ነበር፤ ሰጠችኝ እንጂ። ሁለቱንም ለሐጂ ነስሩ ዘረጋሁላቸው።

«ያሽትቱ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

በዚያ ቤት ውስጥ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም። አንደኛው ሽማግሌ አፉን በጋቢው ሸፈነ፤ ሳቁን ይሁን ንዴቱን አላውቅም። ሐጂ ነስሩ ግን የአብዱን ሸሚዝ አፍንጫቸው ጋ አደረሱትና መለስ አሉ። «ይህ ወንድ ነው» አሉ። የሙባረክን አንስተው አንገትጌውን፣ ብብቱን አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«ይህኛው ታጥቧል።»

«አልታጠበም። ወተቱን፣ አቧራውን ይዩት። አራተኛ ቀኑ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«በዚህ ሙቀት። ላብ ያልሰጠው ጌታ ውሃ አላሳጣውም፣ ሐጂ። እናንተ ላቡ ይውጣ ብላችሁ ብትዘጉበት ከየት ይወጣል?»

ሸሚዙን ለከድር ሰጡት። ከድር አሸተተና ቀና ብሎ እናቱን አያቸው። ከዚያ የልጁን አንገት፣ ራሱን አሸተተ። ልጁን እንደዚያ ጠጋ ብሎ ሲያቅፈው ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሐጂ ነስሩ ብዙ አላወሩም። «እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም» አሉ። «ባላየሁት ነገር አልፈርድም። ያየችው እሷ ናት። እስከ ክረምት እናትየዋ እንዳለችው ይሁን። ልጁ ከባሰበት እሷ ትጠየቃለች፤ ከዳነ ማንም እንዳይናገራት።» የመዝጊያ ዱዓው ፋቲሃ ተቀራ፤ ተነሱ።

አማቴ ሸሚዞቹን ከከድር እጅ ወስደው ጓዳ ገቡ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ በርበሬው ይሆናል።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«ጮክ ብለሽ አልነገርሽኝም» አሉ። ይህም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብለው አያውቁም። ግን ሙባረክን ይዘው ገበያ ሲወጡ ከበርበሬው ከረጢት ጋር ለእሱ አንድ ጀሪካን ውሃ ማስጫን ጀመሩ። ትምህርት ቤት ሲገባ ራሳቸው ወስደውት አስተማሪውን፣ «ይህ ልጅ በእረፍት ሰዓት ቧንቧ ሥር ይገባል፤ የሚከለክለው ካለ እኔን ያናግረኝ» አሉት። ለሰውም፣ «እኔ ገና ሲወለድ አውቄዋለሁ፤ ምራቴ ልጅ ስለነበረች አልገባትም» ይሉ ነበር። ዝም እላቸዋለሁ። ልጄ እስከዳነ ድረስ ያወቀው ማንም ይሁን። አላህ ይማራቸው፣ ሲሞቱ ከሁላችንም ይበልጥ ያለቀሰው ሙባረክ ነው።

ሰሚራ ይህን ሁሉ ሰምታ ወረቀቷን አጣጠፈች። አይቡ ጠልሏል። ልትናገር የፈለገችው ገና እንዳልወጣ ገባኝ።

«እኔም ሊኖርብኝ ይችላል፣ እማ» አለች። «ግማሽ በግማሽ ነው። ካለብኝ ወንድ ብወልድ እንደ ሙባረክ ሊሆን ይችላል።»

በመጪው እሁድ ሽማግሌ ይላክልናል። የሚጠይቃት ልጅ እዚሁ ወልቂጤ ያደገ ነው፤ እናውቀዋለን።

«ልጁ ያውቃል?» አልኳት።

«ነግሬዋለሁ። እሱ ግድ የለውም። ቤተሰቦቹን ነው የምፈራው። ኒካሁ እስኪታሰር ድረስ ዝም ብንልስ?»

«እኔ ዝም ብዬ ልጄን ልቀብር ነበር» አልኳት።

ምርመራውን አዲስ አበባ ሄዳ እንደምታደርግ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን ለቤተሰቦቹ ራሷ እንደምትነግራቸው ተስማማን። ማታ ሶላቴን ሰግጄ ተቀምጬ ስለዚያ ትንሽ ዘረመል አሰብኩ። እናቴ ሳታውቀው ሰጠችኝ፤ እኔም ሳላውቀው ሰጠሁ። ሳላውቅ ስለሰጠሁት ነገር አላፍርም። ከዚያው ማህፀን አላህ ሙባረክን ሰጥቶኛል፣ ሰሚራን ሰጥቶኛል፤ አንዱንም አልመልስም። ጎዶሎ ቆጥሬ ምስጋናዬን አላጎድለውም።

እሁድ እንግዶቹ ሲመጡ ሰሚራ አጠገብ እቀመጣለሁ። ይህ ነገር ከማን ወገን ነው የሚል ጥያቄ ሳይነሳ፣ ከእኔ ነው እላቸዋለሁ። ሰምቶ የሚነሳ ካለ በሩ ክፍት ነው። ሰምቶ የሚቀመጥ ካለ ክትፎው በቅቤ ተለውሶ ይጠብቀዋል።